ከቦሌ ዋሽንግተን፦ ሲኬድ 9 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ 20 ሰዓት? ትኬቱን አንብቡልኝ

አራት_ኪሎ_ሰፈር
ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ ጥር 10 ማታ ከቦሌ ተነሥታ ዋሽንግተን፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ትሄዳለች። እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለሆነ እናቴ ልታርሳት ነው። 68 ዓመቷ ነው፣ አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። እስከ ዛሬ ረጅሙ መንገዷ ደሴ ነው፣ እሱም በአውቶቡስ።

ትኬቱ ላይ ያለው ይኸው፦

መሄጃ፦ አዲስ አበባ 23:00፣ ዋሽንግተን በማግሥቱ 08:30
መመለሻ (ከፋሲካ በኋላ)፦ ዋሽንግተን 11:00፣ አዲስ አበባ በማግሥቱ 07:00

ትላንት ቡና ላይ እናቴ በጣቷ ቆጠረችና "ሲሄዱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ ሃያ ሰዓት? ወደዚህ ዳገት ነው እንዴ?" አለችኝ። እኔም መልስ አጣሁ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደግሞ ባሰብኝ። ርቀቱን አንዱ 7,184 ማይል ይላል፣ ሌላው 6,243 ማይል፣ ሦስተኛው 11,560 ኪሎ ሜትር።

የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። የደም ግፊት ክኒን አላት፣ በየቀኑ ማታ 2 ሰዓት ላይ የምትውጠው። ስንት ሰዓት አየር ላይ እንደምትቆይ ካላወቅሁ መቼ ዋጪ እንደምላት ግራ ገብቶኛል።

ትኬት_ቆራጯ
ወንድሜ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ 11 ዓመት ትኬት ሸጫለሁ፤ በየሳምንቱ የምጠየቀው ይህንኑ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የየከተማው ሰዓት ነው። መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን። እሱን ከዚህ መቀነስ የእኔን ሰዓት ከጎረቤቴ ሰዓት እንደመቀነስ ነው።

በጥር ወር ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ እናትህ በ23:00፣ ማለትም በእኛ ማታ 5 ሰዓት ሲነሡ፣ እዚያ ገና 15:00 ነው፤ ቀትር አልፎ ፀሐይ አለች። ከ15:00 እስከ በማግሥቱ 08:30 ቁጠር። 17 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ነዳጅ ለመቅዳት መሃል ላይ የሚያርፍበትም እዚያው ውስጥ ነው።

መመለሻውን ደግሞ፦ 11:00 ሲደመር 8፣ አዲስ አበባ 19:00 ነው። ከዚያ እስከ 07:00 ድረስ 12 ሰዓት።

የቨርጂኒያዋ
እህቴ፣ የመሄጃው ልክ ነው፣ የመመለሻው ግን አንድ ሰዓት ይጎድለዋል። እኛ እዚህ መጋቢት መግቢያ አካባቢ ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደፊት እንገፋለን። ከፋሲካ በኋላ ልዩነቱ 8 ሳይሆን 7 ይሆናል። 11:00 ሲደመር 7፣ 18:00። እስከ 07:00 ድረስ 13 ሰዓት ነው። ከደለስ አዲስ አበባ ያለማቋረጥ ስበር ሁልጊዜ የሚወስድብኝም እሱን ያህል ነው።

ትኬት_ቆራጯ
እውነትሽን ነው፣ ቸኩዬ ነው። 13። ሰዓት የማያዞር አገር ተወልዶ ይህንን ማስታወስ ከባድ ነው ብለሽ እለፊኝ።

አራት_ኪሎ_ሰፈር
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ስለዚህ መሄጃው 17 ተኩል፣ መመለሻው 13። እናቴ ያለችው ተገልብጦ መጣ ማለት ነው። ግን ያው አንድ መንገድ አይደለም እንዴ? የ4 ሰዓት ተኩል ልዩነት ከየት መጣ?

ቸርችል_ቁልቁል
ቀላል ነው። ምድር ትዞራለች። አውሮፕላኑ አየር ላይ እያለ አገሩ ራሱ ወደሱ ይመጣለታል።

ሉልና_ክር
ልጄ፣ ይህን ነገር 34 ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ከክፍል ማስወጣት አልቻልኩም። ምድር የምትዞረው ወደ ምሥራቅ ነው። አንተ እንዳልከው ቢሆን ዋሽንግተን ወደ አውሮፕላኑ ትመጣለት ነበርና ወደ ምዕራብ መሄድ ይፈጥን ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል። አብሮ ባይዞርማ መስቀል አደባባይ ላይ ዘለህ ስታዲየም ባረፍክ ነበር።

ቸርችል_ቁልቁል
ጋሼ፣ የታክሲ ዋጋ ይቆጥብልን ነበር እኮ።

ሉልና_ክር
አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ይህን ጥያቄ ካነበብኩ በኋላ ጡረታ ስወጣ ተማሪዎቼ የሰጡኝን ሉል ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። አቧራዋን ጠርጌ ከባለቤቴ የሹራብ ክር ለመንኩ። ሉሏ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላት፤ ወገቧን ብትዞራት 94 ሴንቲ ሜትር ነች። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በሉሏ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ክሩን አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣቴ ያዝኩ፣ ዋሽንግተን ላይ አጥብቄ ወጠርኩት። በማስመሪያ ሲለካ 27 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ። በ425 ብታባዙት 11,500 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። የኢንተርኔቱ 11,560 ልክ ነው ማለት ነው።

ግን የሚገርመው ርዝመቱ አይደለም፣ ክሩ የተኛበት ቦታ ነው። ግድግዳ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ካርታ ብታሰምሩ መስመሩ በቻድና በኒጀር፣ በማሊ አድርጎ በቀጥታ አትላንቲክን ይሻገራል። ሉል ላይ የተወጠረው ክር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ያልፍና ስፔንና ፖርቹጋልን ረግጦ ነው ውቅያኖስ የሚገባው። ከዚያም አትላንቲክ መሃል 44 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ይወጣና ቁልቁል ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። ዙር ይመስላል፣ ግን አጭሩ መንገድ እሱ ነው። ብርቱካን ያላችሁ በላስቲክ ሞክሩት።

ዳዊት_ያይደለሁ
ሱዳንና ሊቢያ ያሉትን ግን አሁን በዚያ አይኬድም። ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ወዲህ የአገሩ ሰማይ በአብዛኛው ለመንገደኛ አውሮፕላን ዝግ ነው። የበረራ መከታተያ መተግበሪያ ከፍቼ ሳይ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል ነው የሚያልፉት። የጋሼ ክር ሁለት ቦታ ላይ ጎበጥ ማለት አለበት።

ሉልና_ክር
ትክክል ነህ። ክሩ ፖለቲካ አያውቅም።

ክንፍና_ሞተር
የማይሎቹን ነገር ማንም ስላልመለሰ። 7,184 የመንገድ ማይል ነው፣ አንዱ 1,609 ሜትር። 6,243 ደግሞ የባሕር ማይል ነው፣ አንዱ 1,852 ሜትር፤ ፓይለትና መርከበኛ የሚጠቀሙበት። ሦስቱም ቁጥር አንድ ርቀት ነው። አንዳንድ ድረ ገጽ የትኛው ማይል እንደሆነ ሳይጽፍ ይተወዋል እንጂ ተሳስቶ አይደለም።

አሁን ወደ 4 ሰዓት ተኩሉ። ምክንያቱ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ነፋስ። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አውሮፕላን በሚበርበት ቦታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብና ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። በክረምታቸው ይበረታል፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከዋሽንግተን ሲመጣ ነፋሱ ከኋላው ይገፋዋል፣ ሲሄድ ፊቱን ይመታዋል። የጀልባና የአባይ ነገር ነው።

ሁለተኛው የቦሌ ከፍታ ነው፣ እናትህ "ዳገት" ያሉትም እዚህ ጋ ይገባል። ሳያውቁት ነው የመቱት። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ደለስ 95 ሜትር ገደማ። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት ነገር ይቀንሳል፣ ሞተሩም የሚገፋበት ኃይል ይደክማል። ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ የበለጠ መንደርደሪያ። የቦሌ ረጅሙ 3.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱ እስኪያልቅ ካልተነሣ የለም። መፍትሔው አንድ ነው፣ ክብደት መቀነስ። ሰው አትቀንስም፣ ሻንጣ አትቀንስም። የሚቀነሰው ነዳጅ ነው።

ነዳጅ ስትሉ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። እነዚህ ትልልቅ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች በሰዓት 5 እና 6 ቶን ገደማ ያቃጥላሉ። ፊት ለፊት ነፋስ እየመታው ለ14፣ 15 ሰዓት የሚበቃ ሲደመር ለክፉ ቀን የሚያዝ መጠባበቂያ፣ 80 ቶንና ከዚያ በላይ ነው። ሙሉውን ጭኖ ከቦሌ መነሣት ከባድ ነው። ስለዚህ ቀለል ብሎ ተነሥቶ፣ ዝቅ ያለ ቦታ አርፎ ይቀዳል። ባለፉት ዓመታት ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ እየተባለ የሚያርፈው ለዚህ ነው። ሲመለስ ግን ዝቅ ካለ ቦታ ስለሚነሣ ጢም አድርጎ ቀድቶ፣ ነፋሱም እየገፋው በአንድ ትንፋሽ ይመጣል።

አራት_ኪሎ_ሰፈር
ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። "እኔ ቀልዴን እኮ ነው" አለች፣ ግን ደስ ብሏታል። ለጎረቤት ሁሉ እያወራች ነው።

ቸርችል_ቁልቁል
ታዲያ ለምን ዝቅ ያለ ቦታ አልሠሩትም መጀመሪያውኑ?

ሉልና_ክር
መጀመሪያማ ልደታ ነበር። ልጅ ሆኜ የልደታን ሜዳ አስታውሳለሁ፤ አውሮፕላን ሲያርፍ ለማየት ከትምህርት ቤት እንጠፋ ነበር። አየር መንገዱ በ1938 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ አስመራን ረግጦ ነበር የሄደው። ከዚያ ጄት የሚባል ሲመጣ፣ በ1955፣ ልደታ አልበቃ ብሎ ነገሩ ወደ ቦሌ ዞረ። ያኔ ቦሌ ከከተማ ውጪ ነበር! አሁን ከፒያሳ 8 ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ፣ የከተማው እምብርት ሆኗል።

ክንፍና_ሞተር
ቢሾፍቱ አካባቢ የሚሠራው አዲሱ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ለዚያ ከተመረጠበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። እሱ ሲያልቅ ጥያቄውን እንደገና እናነሣዋለን።

ሌሊት_ስድስት
ስለ ሰዓት ከተነሣ የእኔን ውርደት ስሙልኝና ሌላ ሰው አይድገመው። ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ እስያ ልሄድ ትኬት ተቆረጠልኝ። "ረቡዕ 00:40" ይላል። በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ከ40 መሆኑን አውቄያለሁ፣ እዚያ ላይ አልተሳሳትኩም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ፣ ፀጉሬን ተቆረጥኩ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰናበትኩ፣ ካዛንቺስ እራት ተጋበዝኩ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሻንጣዬን እየገፋሁ ቦሌ ደረስኩ። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። "ጌታዬ፣ እርስዎ ትላንት ነው የበረሩት" አለችኝ።

ለካ ለፈረንጁ ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የእኛ ቀን የሚነጋው ጠዋት 12 ሰዓት። የኔ በረራ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነበር። በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት ማለት ነው! አዲስ ትኬት ከኪሴ። የጋበዙኝ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ "ትላንት የበረረው" እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

ትኬት_ቆራጯ
ወይኔ! ይሄ ለስንቱ ደረሰ። እኔ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ ትኬት ስሸጥ ሁልጊዜ በእስክሪብቶ ጀርባው ላይ "ማክሰኞ ማታ ከቤት ይውጡ" ብዬ እጽፋለሁ። ቀኑን ሳይሆን ከቤት የሚወጡበትን ማታ ነው የምነግራቸው። የአራት ኪሎው፣ የእናትህ 23:00 ስለሆነ ከዚህ ተርፈሃል። እሑድ ማታ 5 ሰዓት ያው እሑድ ማታ 5 ሰዓት ነው።

የጃን_ሜዳ_ጎረቤት
ቆይ ቆይ ቆይ። ጥር 10 ነው ያልከው? ከተራ እኮ ነው! አራት ኪሎ! እሑድ ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ መንገዱ ሁሉ ይዘጋል። እስከ ማታም አይላወስም። ራይድ ብትጠራም አይመጣልህም፣ ቢመጣም አይወጣም። 11,560 ኪሎ ሜትሩ አያሳስብህ፤ ከአራት ኪሎ ቦሌ ያለው ነው የሚያሳስበው።

አራት_ኪሎ_ሰፈር
!!! ትኬቱ ላይ "18 ጃንዋሪ" ስለሚል ጭራሽ አላገናኘሁትም። እናቴም ሳታውቅ አይደለም፤ "ታቦቱን ሸኝቼ እሄዳለሁ" ነው የምትለው። እንዴት ላድርግ?

የጃን_ሜዳ_ጎረቤት
ቦሌ በኩል ዘመድ አላችሁ? ረፋዱ ላይ ሻንጣውንም እሳቸውንም ውሰዷቸው። ታቦት እዚያም ይወጣል፣ ከዚያ ሰፈር ጋር ይሸኙ። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለባቸው፤ ማታ 2 ሰዓት በር ላይ ይሁኑ።

አራት_ኪሎ_ሰፈር
ገርጂ አክስቴ አለች። እሷ ዘንድ ትውላለች። ተባረክ።

የቨርጂኒያዋ
የክኒኑ ነገር እንዳይረሳ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የሚከታተሏቸውን ሐኪም ጠይቁ። ግን ሂሳቡን ብቻ ልሥራልህ። እሑድ ማታ 2 ሰዓት፣ ቦሌ በር ላይ ሲደርሱ፣ ይውጣሉ። ቀጣዩ በ24 ሰዓቱ ሰኞ ማታ 2 ሰዓት በአዲስ አበባ ነው። ያ እዚህ እኩለ ቀን፣ 12:00 ይሆናል። የሚያርፉት ደግሞ 08:30 ነው። ስለዚህ አየር ላይ የሚውጡት አንድም ክኒን የለም። ቤት ገብተው ምሳ ላይ ነው። የእጅ ሰዓታቸውን ግን ሳያዞሩት ይምጡ፣ መጀመሪያዎቹን ቀናት በዚያ ይቁጠሩ። ክኒኑን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ።

ሌላ፦ በርበሬና ሽሮ ችግር የለውም፣ ግን ሲጠየቁ "ምግብ ይዣለሁ" ይበሉ። ቋንጣ ግን በፍጹም። የእኔ እናት ቋንጣውን ቀሚስ ውስጥ ጠቅልለውት ውሻ አገኛቸው። ትንሽ ቡችላ ነገር ናት፣ መጥታ ሻንጣቸው አጠገብ ቁጭ አለች፤ እማዬ "ምን ዓይነት ጨዋ ውሻ ናት" እያሉ ራሷን ያሻሿት ነበር።

ዳዊት_ያይደለሁ
እግራቸው እንዳያብጥ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው ኮሪደሩ ላይ ይመላለሱ። በመስኮት በኩል ሳይሆን በመተላለፊያው በኩል ያለ ወንበር ጠይቁላቸው። ውኃም።

አራት_ኪሎ_ሰፈር
(ከስድስት ቀን በኋላ)

ደርሳለች! ይቅርታ ዘግይቼ ነው፣ ከእህቴ ጋር ስልክ ላይ ነበርን። ወንድ ልጅ፣ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ፣ በዚያ አገር አቆጣጠር። ሌሊት_ስድስት፣ አንተን አስታወስኩህ፤ ልደቱ የትኛው ቀን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ ለሁለት ተከፍለናል።

ጉዞውን እናቴ ራሷ እንዳወራችኝ ላውራችሁ። ለነዳጅ ሲያርፍ ደረስን ብላ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች፣ ተነሥታ ቆመች። አጠገቧ የነበረች ልጅ "እማማ፣ ገና ነው፣ ይቀመጡ" አለቻት። "ታዲያ ምን ልናደርግ ቆምን?" "ነዳጅ ሊቀዳ።" እናቴ ከዚያ ክንፍና_ሞተር የጻፍከውን ለልጅቷ ማስረዳት ጀመረች። ቦሌ ዳገት ላይ ስለሆነ ጢም አድርጎ አይቀዳም፣ አየሩ ስስ ነው፣ ምናምን። ልጅቷ ኢንጂነር ነዎት ወይ ብላ ጠየቀቻት ትላለች። ማመኑን ለእናንተ ትቻለሁ።

ክኒኑን የቨርጂኒያዋ እንዳልሽው፣ ሐኪሟም ተስማምተውበት፣ ምሳ ላይ ዋጠች። ሰዓቷን እስካሁን አላዞረችም። እህቴ "እማዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?" ስትላት መጀመሪያ የአራት ኪሎን ነው የምትነግራት፣ ቀጥሎ በጣቷ ስምንት ትቀንሳለች።

ጋሼ ሉልና ክር፣ እሷም ቆጥራልዎታለች። ከቤቷ ደጃፍ ረፋድ 5 ሰዓት ወጥታ የእህቴን ደጃፍ እስክትረግጥ፣ የገርጂውን ውሎ፣ የቦሌውን ሰልፍና የደለሱን ወረፋ ጨምሮ፣ 32 ሰዓት። "ደሴም ድሮ ሲዘንብ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር" ነው ያለችው።

ሉልና_ክር
እንኳን ማርያም ማረቻት! ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሉሏ ገና ጠረጴዛው ላይ ነች፤ የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ ለካና 23 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ አገኘ። ወደ 9,900 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዋሽንግተን ይቀርባል። እኔም አልጠበቅሁትም ነበር።

ቸርችል_ቁልቁል
እንኳን ማርያም ማረቻት! ገንፎው ሲደርስ በፎቶ።

አዲስ_ገቢ_27
ሰላም፣ እኔ ደግሞ ከቦሌ ቶሮንቶ ነበር የምጠይቀው። ትኬቱ ላይ...

ትኬት_ቆራጯ
አዲስ ርዕስ ክፈትና ጻፍ፣ እመጣለሁ። ወሩን አብረህ ጻፍ፤ እነሱም ሰዓት ያዞራሉ።